እናቴ «ሳሙኤል መጥቶ የለም ወይ?» ትለኛለች፤ ምን ልመልስላት?

ታላቅ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መድረክ ለረጅም ጊዜ አንባቢ ብቻ ነበርሁ። ዛሬ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ልጽፍ ተነሣሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከሰባት ወር በፊት እንደ ተኛ አልነቃም። 24 ዓመቱ ነበር። ሐኪሞቹ መርምረው ልቡ ነው አሉን፤ የምርመራው ወረቀትም በእጃችን አለ። እናቴ ግን ወረቀቱን አንድ ቀን እንኳ ገልጣ አላየችውም። በአራተኛው ወር አንዲት ዘመዳችን ወደ ጠንቋይ ይዛት ሄደች። እናቴ ገና ተቀምጣ ቃል ሳታወጣ ሰውየው «ድንገት የተቀጠፈ ወጣት በቤትሽ አለ» አላት። ቀጥሎም «ያጠፋችው የምታውቂያት ሴት ናት፤ ከቤትሽ የምትወጣ የምትገባ፣ ፊትዋ የሚስቅ» ብሎ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ነገር ሰጥቶ አሰናበታት። ቋጠሮዋ እስከ ዛሬ ከእናቴ ትራስ ሥር ናት።

እናቴ «ሴቲቱን» ለማግኘት የፈጀባት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ጎረቤታችን ናት አለች። ይህች ጎረቤታችን እናቴ ሥራ በምትውልበት ዘመን እኔንም ወንድሜንም እየጠበቀች ያሳደገችን ሴት ናት። በቀብሩ ዕለት እናቴን በብብቷ ደግፋ ያቆመቻትም እርሷ ነበረች። አሁን እናቴ በመንገድ ስታያት ፊቷን አዙራ ታልፋለች።

የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፦ እናቴ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነብ ሴት ናት። ስነግራት ዝም አትልም፤ «ሳኦል በመናፍስት ጠሪ ሴት በኩል ጠይቆ የሞተው ሳሙኤል መጥቶ የለም ወይ? ዮሴፍ በጽዋው ያውቅ የለም ወይ? ሐዋርያት ዕጣ ጥለው የለም ወይ? ሰብአ ሰገልን ኮከብ መርቷቸው የለም ወይ? ደግሞስ ሰውየው ያልነገርሁትን ነገረኝ» ትለኛለች። መልስ አጥቼ እቀመጣለሁ። ነገሩ የተከለከለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለምን እንደ ተከለከለ ግን በቅጡ ማስረዳት አልቻልሁም። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። ስድብ አልፈልግም፤ እናቴ ናት።

ብራና ወዳድ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለእናትሽም መጽናናትን ይስጣት።

ከዋናው ቦታ ልነሣ፤ ዘዳግም ምዕራፍ 18 ከቁጥር 9 እስከ 14። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዝርዝሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ልጁን በእሳት የሚያሳልፍ፣ ምዋርተኛ፣ ሞራ ገላጭ፣ አስማተኛ፣ መተተኛ፣ በድግምት የሚጠነቁል፣ መናፍስትን የሚጠራ፣ ጠንቋይ፣ ሙታን ሳቢ። ሰዎች ይህንን ዝርዝር በአንድ ትንፋሽ አንብበው ያልፉታል። እኔ ግን ቀስ ብለሽ ከእናትሽ ጋር እንድታነብቢው እመክርሻለሁ፤ እያንዳንዱ ስም የየራሱ ሙያ ነውና።

«ሞራ ገላጭ» የሚለውን ብቻ ውሰጂ። የታረደ ከብት ሞራ ገልጦ፣ መስመሩንና ቀለሙን አይቶ የሚመጣውን ነገር የሚናገር ሰው ማለት ነው። በጥንቱ የቅርብ ምሥራቅ ይህ የመንግሥት ሥራ ነበር። የባቢሎን ነገሥታት የበግ ጉበት ሳይመረመርላቸው ጦር አያዘምቱም። ከሸክላ የተሠሩ፣ በየክፍላቸው ትርጉማቸው የተጻፈባቸው የጉበት ቅርጾች በጥንቷ ከተማ በማሪ ተገኝተዋል፤ በከነዓን ምድር በአሶር በተደረገው ቁፋሮም ወጥተዋል። እስራኤል የገባበት ምድር ይህንን ሙያ አሳምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 21 የባቢሎንን ንጉሥ በመንታ መንገድ ላይ ያቆምልናል፤ ፍላጻ ይወዘውዛል፣ ተራፊም የተባሉትን የቤት ጣዖታት ይጠይቃል፣ ጉበት ይመለከታል። ያን ሁሉ የሚያደርገው ሠራዊቱ ወደ የትኛው ከተማ ይዙር የሚለውን ለመወሰን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በዙሪያው የነበሩ ሕዝቦችም ጎጂ መተትን በሕግ ይከለክሉ ነበር። የባቢሎን ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ ገና በሁለተኛው አንቀጹ ስለ መተት ክስ ይናገራል። ጥንቆላን ግን አልከለከሉም፤ እንዲያውም ቤተ መንግሥታቸው ያለ ጠንቋይ አይሠራም ነበር። የኦሪት ሕግ ግን ሰውን የሚጎዳውን መተት ብቻ ከልክሎ አልቆመም፤ የማይጎዳ የሚመስለውንም፣ መልስ ፍለጋ ብቻ የሚመስለውንም ጥንቆላ አብሮ ዘጋው። ምክንያቱ በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 15 ይገኛል። «አትጠይቅ» ብሎ ዝም አላለም፤ ወዲያው ቀጥሎ ነቢይ አስነሣለሁ፣ እርሱን ስሙ አለ። ሕዝቡ አንድ በር የተዘጋበት ሌላ በር ስለ ተከፈተለት ነው። ከተከፈተው በር የሚመጣው ቃል ደግሞ በሕዝብ ፊት ይነገራል፣ ይጻፋል፣ ይመረመራል፤ ካልተፈጸመ ተናጋሪው ይጠየቅበታል። ጠንቋይ የሚናገረው በጓዳ ነው፤ የሚጠይቀው የለም።

ጠያቂ ልብ

ለእህታችን መጽናናትን እመኛለሁ። እኔ ግን የማይፈታልኝ ነገር አለ። ጥንቆላ ውሸት ከሆነ ለምን ያን ያህል በጠነከረ ሕግ ይከለከላል? እውነት ከሆነስ ስለሚመጣው ነገር ማወቅ ምን ክፋት አለው?

«ያልነገርሁትን ነገረኝ» ስለሚለው ግን አንድ ልበል። እናትሽ ወደዚያ የገባችው በሐዘን ልብስ፣ ዓይኗ አብጦ፣ በዘመድ ተይዛ ይመስለኛል። በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት እንዲያ ሆና ስትመጣ የምታዝነው በአብዛኛው ለባል ወይም ለልጅ ነው። ይዛት የሄደችው ዘመድ አስቀድማ ተናግራ እንደ ሆነስ? «የምታውቂያት፣ የምትወጣ የምትገባ፣ ፊትዋ የሚስቅ ሴት» የሚለውም ለየትኛው ቤት የማይሆን ነው? ሰውየው ስም አልጠራም። ስሙን የሞላችው እናትሽ ናት።

ታላቅ እህት

ዘመዳችንን አሁን ደውዬ ጠየቅኋት። ቀጠሮ ስትይዝ «ልጇ የሞተባት እህቴ ናት» ብላ ነግራው ነበር። ይህንን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

መንገደኛው

ለጠያቂ ልብ፦ ጥያቄህ ተገቢ ነው። መልሱን የማገኘው በሐዋርያት ሥራ 16 ነው። በፊልጵስዩስ የምዋርተኝነት መንፈስ የነበረባት አንዲት ገረድ ጳውሎስንና ሲላስን እየተከተለች «እነዚህ ሰዎች የልዑል አምላክ ባሪያዎች ናቸው» እያለች ለብዙ ቀን ትጮህ ነበር። ልብ በል፤ የተናገረችው አንድም ሐሰት የለበትም። ጳውሎስ ግን መንፈሱን ከእርሷ እንዲወጣ አዘዘው። በመጽሐፍ ቅዱስ ሚዛን የጥንቆላ ጥፋት የሚለካው ቃሉ በመግጠሙ ወይም ባለመግጠሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ መመስገን ነበረባት።

ዘዳግም 13ም ይህንኑ በግልጽ አስቀምጦታል፤ አንዱ ምልክት ቢሰጥህ፣ ምልክቱም ቢፈጸም፣ ከዚያ ወደ ሌሎች አማልክት እንሂድ ቢልህ አትስማው ይላል። «ቢፈጸም» ይላል! ስለዚህ «ገጠመ» የሚለው ክርክር ገና ከጥንቱ መልስ አግኝቷል። ጥያቄው ያ ቃል የት ወሰደህ የሚለው ነው። እናታችንን የት እንደ ወሰዳት እህታችን ጽፋልናለች፤ በቀብር ዕለት ደግፋ ያቆመቻትን ሴት ወደ መጥላት ነው የወሰዳት።

ከዚያ ታሪክ ሌላም ነገር አለ። መንፈሱ በወጣ ጊዜ የተቆጡት ጌቶቿ ናቸው፤ የትርፋቸው ተስፋ እንደ ወጣ አዩ ይላል። ልጅቱ ነፃ በወጣችበት ሰዓት እነርሱ ያሰቡት የጎደለባቸውን ገቢ ነው። ይህንን ባነበብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዝምተኛ አንባቢ

ሚክያስ 3፥11 ላይ ነቢያት በገንዘብ ያምዋርታሉ ተብሎ የተጻፈውንም አንርሳ። ዛሬ ጥንቆላን ከመድረክ ላይ እያወገዙ ራሳቸው «ጠላትህ እገሌ ነው» ብለው ስም እየጠሩ ስጦታ የሚቀበሉ አሉ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው።

የሕግ ተማሪ

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የጎረቤቲቱ ነገር ነው። እስካሁን የተናገራችሁት ሁሉ ስለ ጠያቂዋ ነው። ስለ ተወነጀለችውስ?

ዘጸአት 22፥18 መተተኛ ሴት በሕይወት እንዳትኖር ያዛል። ይህች አንዲት አጭር ጥቅስ በታሪክ ውስጥ ስንት ንጹሕ ደም እንዳፈሰሰች ታውቃላችሁ? በአውሮፓ ከ15ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በጥንቆላ ተከሰው የተገደሉት ሰዎች ከ40,000 እስከ 60,000 እንደሚደርሱ የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በሰሜን አሜሪካ በሳሌም እ.ኤ.አ. በ1692 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ድንጋይ በላዩ ተከምሮበት ሞተ። በሳሌም ፍርድ ቤት ተቀባይነት ያገኘው ምስክርነት ምን ነበር? «መንፈሷ ተገልጦልኝ አሠቃየኝ» የሚል ነበር። ከሳሹ ብቻ የሚያየው፣ ተከሳሿ ልታስተባብለው የማትችለው ማስረጃ ማለት ነው።

የሙሴ ሕግ ግን እንዲህ ዓይነቱን ማስረጃ አያውቅም። ጥንቆላ በተከለከለበት ምዕራፍ ማግስት፣ በዘዳግም 19፥15፣ በአንድ ሰው ላይ አንድ ምስክር አይቁም፤ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ነገር ሁሉ ይጽና ይላል። ወረድ ብሎም ሐሰተኛ ምስክር በወንድሙ ላይ ሊያደርግ ያሰበውን ቅጣት ራሱ ይቀበል ይላል። ጠንቋይ ምስክር አይደለም። በፍርድ ፊት ቆሞ አይጠየቅም፤ የተናገረው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚከፍለው የለም።

እንግዲህ የሆነውን ተመልከቱ። ሕጉ የከለከለው ጠያቂነትንና ጠንቋይነትን ነበር። ሰውየው የሚሠራው የተከለከለውን ሥራ ነው፤ በአፉ ግን ሌላዋን መተተኛ አደረጋት። የተከለከለው ሰው ሌላውን ከሳሽ ሆነ! ክልከላውን እናትሽን ለመውቀስ ከመጠቀምሽ በፊት ጎረቤትሽን ለመከላከል ተጠቀሚበት። ለእኔ የዚህ ሕግ ትልቁ ምሕረት እዚህ ላይ ነው፤ ሐዘን በሌላ ሰው አንገት ላይ ገመድ ሆኖ እንዳይጠመጠም ያግዳል።

ብራና ወዳድ

ይህ የመጨረሻው ንግግር እኔንም አስተማረኝ። እኔ ስለ ቃሎቹ ስጨነቅ ሴቲቱን ረስቻት ነበር።

ለታላቅ እህት የቀሩትን ጥያቄዎች በአጭሩ ልመልስ። የዮሴፍ ጽዋ (ዘፍጥረት 44) በወንድሞቹ ላይ የተዘጋጀ ፈተና ክፍል ነው፤ ዮሴፍ በጽዋው ሲያምዋርት የሚያሳይ አንድም ቦታ የለም። ሕልም ሊፈታ በቀረበ ጊዜ «ትርጓሜው ከእግዚአብሔር አይደለምን?» ብሎ ነው የተናገረው። ዕጣም ቢሆን ሐዋርያት ማትያስን የመረጡት ጸልየው፣ ሁለት የተመሰከረላቸው ሰዎችን በጉባኤ ፊት አቁመው ነው፤ ማንንም ለመወንጀል ወይም የተሰወረ ነገር ለመግለጥ አይደለም። ሰብአ ሰገልን ደግሞ በደንብ አንብቢያቸው። ኮከቡ እስከ ኢየሩሳሌም አደረሳቸው፤ እዚያ ደርሰው ግን «ወዴት ነው?» ብለው መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ቤተ ልሔም የሚለውን መልስ ያገኙት ከሚክያስ መጽሐፍ ነው።

የሦስት ልጆች እናት

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ እንደ ወንድሞቻችን ጥቅስ በቃሌ አላውቅም። ግን እናትሽ የሄደችበትን መንገድ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ተመላለስሁበት ልናገር።

የመጀመሪያ ልጄ ታሞ ነበር የሄድሁት። እንዲህ ያለ ቤት ደጅ የቆመ ሰው እምነቱን ጥሎ የሄደ አይምሰልሽ። ጸልዬ ጸልዬ ምንም ድምፅ ባጣሁ ጊዜ ነው የሄድሁት። ዝምታ ይገድላል፣ ልጄ። እዚያ ቤት ደግሞ ዝምታ የለም። ሁልጊዜ መልስ አለ። ብትመለሺ ሌላ መልስ አለ። መጀመሪያ የባለቤቴ እህት ናት አሉኝ፤ ሁለተኛ የሥራ ባልደረባዬ፤ ሦስተኛ በሕይወት የሌለች አያቴ። ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ አንድ ሌሊት እተኛ ነበር፤ አንድ ሌሊት ብቻ። በሁለተኛው ሌሊት ፍርሃቱ ከፊተኛው ብሶ ይመለሳል።

ልጄ ዳነ፤ በሕክምና ነው የዳነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የባለቤቴ እህት ግን ይቅርታ ልጠይቃት ሳልደርስ ሞተች። አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። አሁንም ስሟ ሲጠራ ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ።

እናትሽን አትከራከሪያት። አጠገቧ ተኚ። ሌሊት ስትነቃ የምታገኘው ሰው ይኑር።

ታላቅ እህት

እማማ፣ አምላክ ዕድሜ ይስጥልን። ያሉትን ካነበብሁ ጀምሮ ሦስት ሌሊት ከእናቴ ጋር ነው የተኛሁት።

አንድ ነገር ግን ልመለስበት። ከሁሉም ጥያቄዎቿ የማትለቀው የሳኦልን ነው። «ሳሙኤል በእውነት ወጥቷል፤ የተናገረውም ተፈጽሟል» ትላለች። ይህንን እንዴት ላስረዳት?

መንገደኛው

እኔ እንደማምነው የወጣው ሳሙኤል ራሱ አይደለም፤ በእርሱ አምሳል የቀረበ መንፈስ ነው። በነቢያት በኩል ያልመለሰ አምላክ ራሱ በከለከለው ሥራ በኩል እንዴት ይመልሳል?

ብራና ወዳድ

ወንድሜ፣ በዚህ ላይ አልስማማም፤ ነገሩም ዛሬ የተጀመረ ክርክር አይደለም። በሦስተኛው መቶ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን መምህር አርጌንስ የወጣው ሳሙኤል ነው ብሎ ሰበከ፤ የአንጾኪያው ጳጳስ ኤዎስጣቴዎስ ደግሞ በአራተኛው መቶ ዘመን አይደለም ብሎ ጻፈበት። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 46 ሳሙኤል ካንቀላፋ በኋላም ትንቢት ተናገረ ይላል። የአንደኛ ሳሙኤል ጽሑፍ ራሱም «ሳሙኤል ሳኦልን አለው» ብሎ ይጽፋል እንጂ «የመሰለው» አይልም። መናፍስት ጠሪዋ ሴትም ባየችው ጊዜ በታላቅ ድምፅ ጮኸች፤ የለመደችው ነገር ቢሆን ለምን ትጮኻለች? እኔ እንደሚመስለኝ እግዚአብሔር ራሱ ጣልቃ ገብቶ ነው።

ለእህታችን እናት ግን ይህ ክርክር አያስፈልጋትም። ከሁለቱ የትኛውንም ብንይዝ ታሪኩ ወደ አንድ ቦታ ያደርሰናል። ምዕራፍ 28ን ከመጀመሪያው እናንብበው።

ሳኦል መናፍስት ጠሪዎችንና ጠንቋዮችን ከምድሪቱ ያጠፋው ራሱ ነበር፤ ቁጥር 3 ላይ አለ። እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ በሕልምም፣ ኡሪም በሚባለው የካህናት መጠየቂያም፣ በነቢያትም አልመለሰለትም። የሳኦል ሰፈር በጊልቦዓ ነው፣ የፍልስጥኤማውያን ሰፈር በሱነም ነው፤ ሴቲቱ የምትኖርባት ዓይንዶር ደግሞ ከሱነም ወደ ሰሜን ናት። ስለዚህ ንጉሡ ወደ ሴቲቱ ለመድረስ በጠላት ሰፈር አጠገብ አልፎ፣ በሌሊት፣ ልብሱን ለውጦ፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መሄድ ነበረበት። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምን ያህል ተስፋ እንደ ቆረጠ አስቡት።

ደርሶስ ምን አገኘ? ሳሙኤል የነገረው በሕይወት ሳለ የነገረውን ነው፤ መንግሥቱ ከእጅህ ተቀድዷል ይለዋል፤ በምዕራፍ 15 የተናገረው ቃል ነው። አዲስ የጨመረለት የእስራኤልን ሽንፈትና «ነገ አንተና ልጆችህ ከእኔ ጋር ትሆናላችሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ምክር አልሰጠውም፣ መውጫ አላሳየውም። ሳኦል እንደ ቁመቱ በምድር ላይ ወደቀ። አንደኛ ዜና መዋዕል 10፥13 ሳኦል ከሞተባቸው ምክንያቶች አንዱ መናፍስት ጠሪ መጠየቁ እንደ ሆነ ይናገራል። ስለዚህ እናትሽ «ሳሙኤል ወጣ» ካለችሽ «አዎን እናቴ፣ ወጣ እንበል፤ ሳኦል ሲወጣ ግን እንዴት ሆኖ ወጣ?» በያት።

መንገደኛው

በዚህስ እስማማለሁ። ኢሳይያስ 8፥19 የሚጠይቀውም ያንኑ ነው፤ ለሕያዋን ሲሉ ሙታንን ይጠይቃሉን? ነቢዩ እነዚያን ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ይላቸዋል። በ45፥19 ደግሞ እግዚአብሔር በስውር፣ በጨለማ ስፍራ አልተናገርሁም ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የክልከላውን ልብ ያገኛል።

ጠያቂ ልብ

አሁን ትንሽ ገባኝ። ዘዳግም 29፥29ንም አነበብሁት፤ ምሥጢሩ ለእግዚአብሔር ነው፣ የተገለጠው ግን ለእኛና ለልጆቻችን ነው ይላል። እኔ በየማለዳው በስልኬ የኮከብ ቆጠራ መልእክት እቀበል ነበር። ቀላል ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ግን ባለፈው ወር «ዛሬ የቅርብ ሰው ይከዳሃል» የሚል መጥቶልኝ ቀኑን ሙሉ ወዳጆቼን በጥርጣሬ ስመለከት ዋልሁ። ትናንት አጥፍቼዋለሁ።

ታላቅ እህት

ስለ ቋጠሮዋስ ምን ላድርግ? እርሷ ሳታውቅ ወስጄ ልጣላት ወይ?

የሕግ ተማሪ

አታድርጊው። በኤፌሶን የሆነውን ተመልከቺ፤ በሐዋርያት ሥራ 19፥19 ያስማተኞቹን መጻሕፍት ያቃጠሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ አምጥተው፣ በሁሉ ፊት። ዋጋቸው 50,000 ብር ተገምቶ ነበር። ያ ብር በዚያ ዘመን የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ የሆነው ድራክማ ከሆነ አንድ ሰው ያለ ዕረፍት በየቀኑ ቢሠራ ከ130 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያን ያህል ዋጋ ያለውን ነገር ሸጠው ገንዘቡን ሊወስዱ ይችሉ ነበር። አልሸጡትም፤ ለሌላ ሰው እንዲደርስ አልፈለጉም። ጳውሎስ ግን ከማንም እጅ ነጥቆ ሲያቃጥል አናይም። ከእናትሽ ትራስ ሥር ብትሰርቂያት ፍርሃቷ ሌላ ቋጠሮ ያስፈልጋታል።

የሦስት ልጆች እናት

እውነት ነው። የእኔን ባለቤቴ ደብቆ ጣለብኝ፤ በሳምንቱ ሌላ አመጣሁ።

ታላቅ እህት

የሆነውን ልንገራችሁ። ትናንት ማታ መብራት ሳናጠፋ አንደኛ ሳሙኤል 28ን ጮክ ብዬ አነበብሁላት። አልተከራከርኋትም። በመካከል አላቋረጠችኝም። ቁጥር 20 ላይ ስደርስ፣ ሳኦል በዚያ ቀን ሁሉና በዚያ ሌሊት ሁሉ እንጀራ አልበላም ነበር የሚለው ጋር፣ እጇን አነሣችና «እዚያ ላይ ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምሁላት። «ሳይበላ ነው የሄደው» አለች። «እኔም ሳልበላ ነበር የሄድሁት፤ ሁለት ቀን ሆኖኝ ነበር።»

ከዚያ የቀረውን ራሷ ወስዳ በዓይኗ አነበበችው። ሴቲቱ ሳኦልን ብላ ብላ ለመነችው፣ እንቢ አለ፣ እምቦሳዋን አርዳ ቂጣ ጋግራ አበላችው። እናቴ መጽሐፉን ከደነችና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እኔ የተኛች መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ የጎረቤታችንን ስም ጠርታ፣ «ከቀብሩ ስንመለስ በማንኪያ ያጎረሰችኝ እርሷ ናት አይደል?» አለችኝ።

አዎን፣ እርሷ ናት አልኋት።

ስለ ዘመዳችን የስልክ ቀጠሮም ያን ጊዜ ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ «እንዲያ ነው እንዴ» ብቻ አለች። ዛሬ ጠዋት የሐኪሞቹን ወረቀት የት እንዳስቀመጥሁት ጠየቀችኝ። አውጥቼ ሰጠኋት፤ መነጽሯን አድርጋ በመስኮቱ አጠገብ እያነበበችው ነው። ማታ ወደ ጎረቤታችን አብረን እንድንሄድ ጠይቃኛለች።

ቋጠሮዋ ገና ከትራስዋ ሥር ናት። አልነካኋትም።